ወንድምሽ ወህኒ ወረደ

ስሎን ሸለቆ፣ ኬንታኪ
ሰኞ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2018

ለልጄ ለዴሊያ፣

ወንድምሽ ወህኒ ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን።

መጀመሪያ ይህንን ተናግሬ ልገላገል ብዬ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንዴ መስመሩ ተቋረጠ፣ አንዴ ደግሞ አንቺ ተረኛ ነኝ ብለሽ ዘጋሽው። ጃፓን ያለ የባሕር ኃይል መርከብ ሩቅ ነው። ደግሞ «ወህኒ» የሚለውን ቃል ከሰማሽ የቀረውን እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ ማልቀስ ካማረሽ ታለቅሻለሽ። እኔ ግን ቅዳሜ ዕለት ዌይሎንን አየሁት። አየሁት ስል በቴሌቪዥን መስኮት አይደለም። በእጄ ይዤዋለሁ።

ፊደሌ ካነሰብሽ መነጽርሽን አድርጊ። ከዓመት በላይ ለእሱ ስጽፍ የኖርኩት በፖስት ካርድ ነው፤ የታሰረበት የወረዳው ማረፊያ ቤት ከካርድ ሌላ አያስገባም። በአንዲት ካርድ ላይ የሳምንት ወሬ ለመጨመር ስል እጄ ደቃቅ መጻፍ ለመደ። ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ደግሞ አንዱንም ካርድ ሳታነብ አትልክም። አንድ ቀን በሰው ፊት «ኦርፋ፣ የዌይሎን ጥርስ ተሻለው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተሻለው አልኳት። ምን እላለሁ?

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ምክንያቱም ጥፋቱ የኔ ነው። ትንሽም ያንቺ አለበት፤ አትቀየሚኝ።

ማርች ላይ ዳኛው በስርቆቱና በክኒኑ አምስት ዓመት በፈረደበት በማግስቱ ደውለሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ። «እማ፣ የፈለግሽውን አድርጊ፣ ብቻ ወህኒ እንዳይወስዱት። እዚያ ይገድሉታል» አልሽኝ። እኔም ያሰብኩት ያንኑ ነበር። ማረፊያ ቤቱን እናውቀዋለን። ከፍርድ ቤቱ ጎን ነው፣ ከኛ አሥራ አራት ማይል። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለቴ አድሮበት ለቁርስ ቤቱ ደርሷል። ሹሙም ግሮቨር ናፒየር ነው። በየአራት ዓመቱ ምረጡኝ እያለ በረንዳችን ላይ የሚቀመጠው ግሮቨር፣ ልጅ ሳለ፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስሠራ፣ ድንች ሁለቴ ሳልጨምርለት ከመስኮቴ የማይነቃነቀው ግሮቨር። ወህኒው ግን የስቴቱ ነው፣ አራት ሰዓት ያስነዳል፣ ግንብና የሽቦ አጥር አለው። ምረጪ ብትባይ የትኛውን ትመርጫለሽ?

በደረቅ ፖም ባለ ሰባት ድርብ ኬክ ጋገርኩና ወደ ቢሮው ሄድኩ።

«ግሮቨር፣ ልጄን ወህኒ አትስደድብኝ። እዚሁ ይቆይልኝ» አልኩት።

«እትዬ ኦርፋ፣ ለእርስዎማ ምን እከለክላለሁ? አምስት ዓመት የተፈረደበትን እዚህ ማቆየት እችላለሁ። ስቴቱ ቦታ የለውም፤ ይቆይ ካልኩ የዝውውር ወረቀቱ ከክምሩ ሥር ይቀመጣል። ሥራም እሰጠዋለሁ፣ ዌይሎን እጁ ለሞተር የተፈጠረ ነው።»

«ተባረክ።»

«ኬኩ በፖም ነው?»

በፖም ነው አልኩት። ወደ ቤት ስነዳ እየዘመርኩ ነበር። ለልጄ ትልቅ ነገር የሠራሁለት መስሎኝ።

ዴሊያ፣ ያኔ ያልገባኝ አሁን ገብቶኛል። ማረፊያ ቤት የተሠራው ለሚጠብቅ ሰው ነው። ዳኛ ፊት እስኪቀርብ፣ ዋስ እስኪያገኝ፣ ስካሩ እስኪወጣለት። ሳምንት፣ ቢበዛ ወር። ማንም እዚያ ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ ስለዚህ ለመኖር የሚሆን ምንም ነገር የለውም። ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራ ክፍል ሠላሳ አንድ ሆነው ወለል ላይ ይተኛሉ። ግቢ የለም። «መናፈሻ» የሚሉት ጣሪያው ወንፊት የሆነ የሲሚንቶ ክፍል ነው። ትምህርት የለም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ሊወጣ ነው፤ የሚቀረው ዌይሎን ብቻ ነው። በሩ ደግሞ ቀን ከሌት ይከፈታል። የሚገባው ሰክሮ ወይም ክኒን ውጦ ይገባል፣ አንዳንዱም በኪሱ ሳይሆን በሌላ ቦታ ደብቆ ያስገባል። ወንድምሽን ከዚያ ነገር ይጠብቀዋል ያልኩት ቤት ነገሩ ራሱ በየቀኑ እግር አውጥቶ የሚመጣበት ቤት ነበር።

እኔም ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ። ከሕንፃው ጎን ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት ያስቀምጡኛል። እሱ ግድግዳው ማዶ ነው፣ ቢበዛ አርባ እርምጃ። አሥራ አራት ማይል ነድቼ ሄጄ በቴሌቪዥን አየዋለሁ። ግማሹን ጊዜ ምስሉ ይደርቃል፤ አፉ እንደተከፈተ ይቀርና ድምፁ ለብቻው ይመጣል። ፊቱ የሊጥ ቀለም ነበረው። በማሽኑ ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር።

ጁን ላይ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ወሰዱት። ግሮቨር «ሙቀቱ ነው፣ እትዬ ኦርፋ» አለኝ። ጁላይ ላይ ደገመው። ያን ጊዜ አጠገቡ ይተኛ የነበረው ሰው በዚያው ክኒን ሞተ። ሰውየው ገና ዳኛም አላየውም ነበር። ዌይሎን ይህን የነገረኝ በካርድ ነው፣ በሦስት መስመር፤ ስለዚህ ከኔ በፊት የፖስታ ቤቷ ሴትዮ አንብባዋለች። ካርዱን ስትሰጠኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ጠበቃዋ ዘንድ ሄድኩ። አንቺ «ያቺ ልጅ» የምትያት፣ መንግሥት ለዌይሎን ያቆመለት። ቢሮዋ ከዶናት ቤቱ በላይ ነው፣ ሁልጊዜ የዘይት ሽታ አለው።

«ወይዘሮ ስሎን፣ እኔኮ ከኤፕሪል ጀምሮ ወህኒ ይወሰድ እያልኩ እየጻፍኩ ነው» አለችኝ። «የአመክሮ ቦርዱ የሱስ ማገገሚያውን ትምህርት ያልጨረሰ ሰው አይለቅም። ትምህርቱ ያለው ወህኒው ውስጥ ነው። እዚህ አምስቱንም ዓመት ቢቀመጥ ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው። ግን አንድ ሰው ሹሙን ይቆይ ብሎ ለምኖታል።»

«ማን እንደሆነ ነግሮሻል?» አልኳት።

«አልነገረኝም።»

«ኬክ የጋገረ ሰው ነው» አልኩና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ከዚያው ወደ ግሮቨር ተሻገርኩ።

«ግሮቨር፣ ያልኩህን መልሼዋለሁ። ልጄን ወህኒ ላክልኝ።»

መጀመሪያ የሰማ አልመሰለኝም። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገና «እናቶች እዚህ እየመጡ ወህኒ አትላክብን ብለው እግሬ ላይ ይወድቃሉ» አለ። «ልጄን ላክልኝ ያለችኝ እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

«እንግዲህ ጻፈው።»

«እትዬ ኦርፋ፣ አሁን አይሆንም። ሁለቱንም መኪናዎቼን የሚጠግነው እሱ ነው። ማሞቂያውም ያለ እሱ አይነሳም። ደግሞ…» ብሎ ተወው። የተወውን ግን እኔም አውቀዋለሁ፣ ወረዳው በሙሉ ያውቀዋል። ስቴቱ ለአንድ ራስ በቀን ይከፍለዋል።

«እንደዚያ ሰው ከሞተብህስ?»

«እጠብቀዋለሁ።»

«ጁን ላይም ትጠብቀው ነበር» አልኩትና ወጣሁ። በሩን ሳልዘጋው።

የምርጫ ዓመት እንደሆነ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ከሸለቆው አፍ ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያልፍበት፣ አራት ዓመት በመጣ ቁጥር የግሮቨር ሰሌዳ የሚቆመው በኔ መሬት ነው። ነቀልኩት። በቦታው የተቀናቃኙን፣ የቴድ ሞስሊን፣ ተከልኩ። ትልቁን፣ ቢጫውን።

ግሮቨር በሦስተኛው ቀን መጣ። ሰሌዳውን ቆሞ አየውና ባርኔጣውን አውልቆ ወደ በረንዳው ወጣ።

«እትዬ ኦርፋ፣ መንገዱ ዳር የሆነ ነገር በቅሎ አየሁ።»

«ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው።»

«ቴድ ሞስሊ! ሰውየው እኮ የገዛ ውሻውን ማሰር ያቃተው ነው።»

«አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ዶሮ በልቶብኛል።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ልጄን አልያዘብኝም።»

ተቀመጠ። ውኃ ሰጠሁት። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ቆየና «ሰው ምን ይላል?» አለ። «ኦርፋ ስሎን የገዛ ልጇን ወህኒ አስገባች ይላል።»

«ይበል።»

«እዚህ ሸለቆ ውስጥ ስንት ስሎን አለ?»

«መራጩ ነው ወይስ ጠቅላላው?»

«መራጩ።»

«አርባ አንድ። ሁለቱ ታመው ተኝተዋል፤ እነሱን ተሸክመን እንወስዳቸዋለን።»

ውኃውን ጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ብዕር የሚያወጣ መስሎኝ ነበር፣ ያወጣው ግን ለምርጫው የሚያድለውን የጥፍር ሞረድ ነው፣ ስሙ የተጻፈበትን። አንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

«ግሮቨር፣» አልኩት፣ «በዓለም ላይ ለሰው ሁሉ ሞረድ የሚያድል የእስር ቤት ሹም አንተ ብቻ ነህ።»

ሳያስበው ሳቀ። ሲስቅ ያው ድንች ይጨመርልኝ የሚለው ልጅ ነው። ሲሄድ «ሰሌዳው ይነቀላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ዌይሎንን ይዞ መኪናው የሄደ ቀን ደውልልኝ አልኩት።

ሴፕቴምበር 4 ቀን ደወለ። በዚያው ሰዓት ወርጄ ነቀልኩት። አሁን ውሻው የቦረቦረውን የዶሮ ቤት ቀዳዳ ደፍኜበታለሁ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጌ። ዶሮዎቹ ቴድ ሞስሊን እያዩ ያድራሉ።

ግሮቨር ያለው አልቀረም። ሱቅ ስገባ ወሬው ይቋረጣል። ቤተ ክርስቲያን አንዷ ተነሥታ «ልባቸው ለደነደነ እናቶች እንጸልይ» ብላ ስትጸልይ እኔም ከሁሉም በላይ ጮኬ አሜን አልኩ።

መጀመሪያ ወስደው የሚመረምሩበትና የሚመድቡበት ቦታ አለ፤ እዚያ ለሰባት ሳምንት ጠያቂ አይገባም። እነዚያ ሰባት ሳምንታት አልገፋ አሉኝ። ተሳስቼ እንደሆነስ? አንቺ እንዳልሽው እዚያ ቢገድሉትስ? ለአንቺ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት ፈቃዱ በፖስታ መጣ፣ ቅዳሜም ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ነዳሁ።

በሩ ላይ ያለችው ጠባቂ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

«እናቴ፣ በዚህ ልብስ አይገባም።»

«ለምን? ቤተ ክርስቲያን የምሄድበት ጉርድ ነው።»

«ካኪ ነው። እስረኞቹ የሚለብሱት ካኪ ነው። ተቀላቅለው ቢወጡስ?»

«ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ጢምም የለኝም።»

«ሕግ ነው፣ እናቴ። ከቁልቁለቱ በታች ርካሽ ሱቅ አለ፣ ሁሉም ከዚያ ነው የሚገዛው። ይፍጠኑ።»

ሱቁ የቀረው በልኬ የሚሆን አንድ ነገር ነበር። ሐምራዊ ሱሪ፣ አበባ ያለበት። ስንት ሰዓት ነድቼ መጥቼ እንዳልመለስ ብዬ ለበስኩት። ሱሪ ስለብስ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለሰባኪው እንዳትነግሪብኝ።

ክፍሉ እንደ ትምህርት ቤት ምሳ ቤት ነው፣ ጠረጴዛ በጠረጴዛ። ዌይሎን በወዲያኛው በር ገባ። በዚህ ሁሉ ሴት መካከል ፈልጎ አገኘኝና ቆመ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ ያለ መስታወትና ያለ ማሽን የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ «እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» የሚል ነው። ሱሪውን እያየ።

ማቀፍ የሚፈቀደው ሲገናኙና ሲለያዩ ነው። ወረቀቱ «አጭር ይሁን» ይላል፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ግን አልጻፉም። ጠባቂዋ ሁለቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። በሦስተኛው ለቀቅኩት።

አንገቱን ፀሐይ መትቶት ተልጧል፣ ዴሊያ። በጣቴ ነካሁት። እንደ ልጅነቱ፣ ወንዝ ውሎ ሲመጣ እንደሚሆነው።

ገነት ነው አላልኩሽም። ግንቡም አለ፣ ሽቦውም አለ፣ ጠመንጃ የያዘውም ሰው አለ። ሊነግረኝ ጀምሮ የተወው ነገርም ነበር፤ አላስጨረስኩትም። ግን የራሱ አልጋ አለው። ቁልፍ ያለው ሣጥን አለው። ግቢው ውስጥ ሲዞር ውሎ ስንት ዙር እንደሆነ ይቆጥራል። ጠዋት ትምህርቱን ይማራል፣ ከሰዓት በኋላ ሞተር ቤት ይሠራል። «እዚህ ያሉት ሰዎች የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ እማ» አለኝ። «አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ካልሲዬን መሬት ላይ ስጥል ይቆጣኛል። እዚያ ታች ማንም ስለ ካልሲ አይቆጣም ነበር።» ትምህርቱን ማርች ላይ ይጨርሳል። ቦርዱ የሚያየው ጁን ላይ ነው።

ከማሽኑ ሳንድዊች አወጣሁለት። ግማሹን በላና ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጠበቃዋ ያን ቀን ለሸሪፉ የተደወለውን ስልክ አሰምታኝ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ጃንዋሪ። ፍርዱ ሳይሰጥ።»

ያን ቀን ያለው፣ ከቤታችን ጀርባ ከበቆሎው ጎተራ ውስጥ ያወጡትን ቀን ነው። ሸሪፉ በስርቆቱና በክኒኑ ሦስት ሳምንት ሲፈልገው ነበር። ሳነሳው እንደ ባዶ ጆንያ ይቀል ነበር፣ ከንፈሩም ጠቁሮ ነበር። ማን ጠቆመ ብለሽ ስትጠይቂኝ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው አይጠፋም ብዬሽ ነበር። ጎተራው ከመንገድ እንደማይታይ አንቺም ታውቂያለሽ።

ለስምንት ወር በዚያ ስክሪን ውስጥ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ሳየው ይህን ይዞ ነበር ማለት ነው። እዚያ የሚባለው ሁሉ ይቀዳል።

«የደወለችው ሴት ስሟን አትናገርም» አለ። «ግን ሁለት ጊዜ ‹አትተኩሱበት፣ መሣሪያ የለውም› ትላለች። ሁለተኛውን ስትለው ትጮኻለች።»

«እንዲህ ነው?» አልኩት።

«እንዲህ ነው።»

ከዚያ የሳንድዊቹን ግማሽ ወደኔ ገፋ አደረገ። «ብዪ» አለኝ። «አራት ሰዓት ነድተሽ ነው የመጣሽው።»

በላሁ። ያን የመሰለ ሳንድዊች በልቼ አላውቅም። ዶሮ ነበር መሰለኝ።

በሁለተኛው፣ ሲለያዩ በሚፈቀደው፣ እሱ ነው ያቀፈኝ። ጠባቂዋም ጉሮሮዋን አልጠረገችም። ስመለስ ከአውራ ጎዳናው ወጥቼ መኪናውን አቆምኩና ለትንሽ ጊዜ ተቀመጥኩ። ምንም አልሆንኩም። ትከሻዬ ቀሎኝ፣ መሪውን ለመያዝ ልምዱ ጠፍቶኝ ነው።

ምርጫው ባለፈው ማክሰኞ ነበር፤ ግሮቨር በመቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ለማን እንደሰጠሁ አትጠይቂኝ፣ እሱም አልጠየቀኝም። ማሞቂያው ግን እምቢ ብሎት ሁለት ጊዜ ከከተማ ሰው አስመጥቷል አሉ።

የዌይሎን አድራሻ ከኋላ ተጽፏል፤ ቁጥሩን አትርሺ፣ ያለ ቁጥሩ አይደርስም። ጻፊለት። እዚያ ደብዳቤ በፖስታ ይገባል። ከፍተው ያዩታል፣ ግን የፈለግሽውን ያህል መጻፍ ትችያለሽ። ስለ ባሕሩ ጻፊለት፣ ስለ መርከቡ ሞተር ጻፊለት።

ያን የደወለውን ሰው ነገር ሁለቴ ጠይቀሽኛል። ፈቃድ አግኝተሽ ስትመጪ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን።

ያ ሁሉ ውኃ በመካከላችን ያደረገ ጌታ በውኃው ላይ ይጠብቅሽ። ሥራሽን ያቅናልሽ፣ ከአለቆችሽ ፊት ሞገስ ይስጥሽ። በሰላም አምጥቶ በዚህ ደጅ ያቁምሽ። ወንድምሽንም ቀድሞሽ እንዲገኝ ያድርግልኝ።

እናትሽ
ኦርፋ ስሎን